ከእንጦጦ ያወረድኩት ቀይ አበባ

ባለፈው ቅዳሜ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ቆሜ ሳለ፣ አንድ መጽሐፍ አዟሪ እስከ አገጩ ከከመረው ውስጥ አንዱን መዝዞ አፍንጫዬ ሥር ደቀነብኝ።

«ጋሼ፣ ይቺን ይውሰዷት። ተፈጥሮና ፍቅር ናት። እንዲህ የሚያፈቅር ሰው አሁን የለም!»

የደራሲውን ስም ሳይ ምላሴ መረረኝ። ለወትሮው ማጋነን እወዳለሁ፤ ይሄ ግን እውነቴን ነው። የጉርምስናዬ ምሬት ተነስቶ ጉሮሮዬ ላይ ጉብ አለ።

ያኔ ካራ ነበር የምንኖረው። ይህ ደራሲ ስለ ዛፍና ስለ ሰው ልብ ሲጽፍ አገር ያለቅስ ነበር። በመጀመሪያ መጽሐፉ ጎረምሳው ከእንጦጦ ጫካ ደም የመሰለ የአበባ ዘለላ ቆርጦ ለሚወዳት ይሰጣታል፤ እሷም ወዲያው ትሸነፋለች። እኔም የምወዳት ነበረችኝ። ሮማን ትባላለች፤ ከእንጦጦ ራጉኤል ዝቅ ብሎ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ችግሩ እናቷ ነበሩ። እትዬ ዘነበች ደጃቸውን ለጎረምሳ ከሚከፍቱ ለጅብ ቢከፍቱ ይመርጣሉ። አበባው ያን በር ያስከፍትልኛል አልኩ።

ጥቅምት ነበር። ባሕር ዛፉ በጠዋት ጤዛ ይሸታል፣ የዳገቱ ጭቃ ጫማዬን ይዞ አለቅም ይላል። ዛፉን አገኘሁት፤ ልክ መጽሐፉ እንዳለው። ሸሚዜን ቀድጄ፣ ጉልበቴን ልጬ፣ በግ የሚያክል ዘለላ ታቅፌ ወረድኩ።

በሩን የከፈቱት እናቷ ናቸው። አበባውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ማነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም እትዬ፤ ለሮማን ነው።»

«ልጄ ኮሶ አለባት ብሎ የነገረህ ማነው?»

በሉ ሳቁብኝ። እኔ ኮሶን የማውቀው ተወቅጦ፣ ተበጥብጦ፣ እናቴ አፍንጫዬን ይዛ ስትግተኝ ነው። ዛፉ ላይ እንዲህ እንደሚያምር ማን ነግሮኝ!

«እትዬ፣ እኔ እኮ አበባ መስሎኝ...»

«አበባማ ነው። የተወቀጠ አለኝ፤ ጠጣልኝና ትገባለህ።»

ሮማን በመስኮት ታያለች። ጣሳውን ተቀበልኩ። ወፍራም፣ አሸዋ አሸዋ የሚል፣ የፍየል በረት የሚሸት ነገር! የሚወርደውና የሚመለሰው ጉሮሮዬ ላይ ተጋጩ። ጨረስኩት። እትዬ ዘነበችም ቃላቸውን አክብረው አስገቡኝ። መደቡ ላይ ቁጭ ከማለቴ ሆዴ ከበሮ መታ፤ በገባሁበት በር ወጥቼ ወደ ቁጥቋጦው በረርኩ። የሮማን ሳቅ ከራጉኤል ደወል በላይ ይሰማ ነበር።

ሆዴ ሲረጋ ደራሲውን ሲ.ኤም.ሲ ቤቱ ድረስ ሄጄ አፋጠጥኩት።

«ጋሼ፣ ያ አበባ ኮሶ ነው!»

«ነው እንዴ? እኔ በመኪና ሳልፍ ነው ያየሁት» አለ ሳያፍር። «እስቲ ቁጭ በልና ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

ሻይ አስመጣልኝ። እኔ ሞኙ ቁጥቋጦው ሳይቀር ዘረገፍኩለት።

በዓመቱ ሁለተኛው መጽሐፉ ወጣ። ጎረምሳው ለፍቅሩ ሲል መራራ ጽዋ ይጠጣል፣ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ወፎች ዝም ይላሉ፣ ልጅቷ በመስኮት እያየች ታለቅሳለች። ቁጥቋጦው የለም። የፍየል በረቱም የለም።

አንድ ቀን ሮማንን ታክሲ ስትጠብቅ አገኘኋት። መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጥፋ ዓይኗ ቀልቷል።

«አንተ፣ አንብበኸዋል? ለሴት ብሎ እንዲህ የሚጠጣ ወንድ ከየት ይገኛል?»

«እኔ ነኝ እኮ!»

«ሂድ ወዲያ!» አለችና አፍንጫዋን ያዘች።

አዟሪው የደቀነብኝ ይህንኑ መጽሐፍ ነው። ስለ ሰው ልብ እየጻፈ ሆዱን የሚሰርዝ ደራሲ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል፤ እኔ ሮማንን የወደድኳት በሁለቱም ነበር።

«ጋሼ፣ አዲስ እትም ነው። ሽፋኑን እንኳ ይዩት!»

አየሁት። ጎረምሳው ጫካ መሃል ቆሟል፤ ጽዋውም የለም፤ በእጁ የያዘው ጽጌረዳ ነው።

እንትፍ ብዬ ታክሲዬ ውስጥ ገባሁ።