ዐሥረኛው አምፖል

ባለቤቴ ሙስጠፋ ኮምፒውተር አይሸጥም፣ አይጠግንምም ነበር። ሥራው የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ መፈተን ነው። ይህን ስናገር ሰዎች "እሱ ደግሞ ሥራ ነው?" ይሉኛል። ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ በልኩ የሚያከፋፍለው የብረት ሳጥን ሲቃጠል ብቻውን አይሄድም፤ ጎረቤቶቹንም ይዞ ይሄዳል። ሙስጠፋ ያ ከመሆኑ በፊት ሳጥኑን ያየው ነበር።

ባለፈው ኅዳር ዐረፈ፣ አላህ ይዘንለት። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ ጨዋታው እንዴት ይጥም እንደነበር ነገሩኝ። በሕይወት ሳለ ምላሱን አይችሉትም ነበር። ሰው ሲሞት ምላሱ ይጣፍጣል መሰለኝ።

ካዛንቺስ የነበረን ሱቅ ሠፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ አቅማችን የሚፈቅደው የኪራይ ቦታ ጠፋ። ያስጠጋን አቶ ገበያው ነበር። ገበያው ቡልጋሪያ አካባቢ የራሱ ሕንፃ ላይ የኮምፒውተር ዕቃ መደብር አለው። ለሙስጠፋ ከደረጃው ሥር ያለችውን ጥግ ሰጠው። ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልባትም፤ ግን ሶኬት አላት፣ ደንበኛም ያገኛታል። በምላሹ ሙስጠፋ የመደብሩን ዕቃ በነፃ ያይለታል። ገበያው ይህን ደግነቱን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ያስታውሰን ነበር፣ እንዳንረሳው ብሎ።

የሙስጠፋ መፈተኛ አንድ ጣውላ ነው። ጣውላው ላይ ዐሥራ ሰባት የመኪና የፊት መብራት አምፖሎች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። አምፖሎቹን ከጋራዦች ነው የለቀማቸው። የመኪና አምፖል ውስጡ ሁለት ክር አለው፤ አንዱ ሲቃጠል ሾፌሩ ይጥለዋል፣ ሙስጠፋ በቀረው ክር ይሠራበታል። አንዱ ወደ ስድሳ ዋት ይበላል። አንድ ሺህ ዋት ነኝ ያለ ሳጥን ዐሥራ ሰባቱንም ማብራት አለበት። ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም።

የከተማችን ሰው ግን ፓወር ሰፕላይ የሚገዛው በሌላ መንገድ ነው። በሁለት እጁ ያነሣዋል፣ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ ከዚያም "ይከብዳል፣ ኦሪጅናል ነው" ይላል። ሙስጠፋ ይህን ሲያይ "ከታናሽ ወይስ ከሽንጥ ይሁንልዎት?" ይል ነበር።

አንድ ማክሰኞ ምሳውን ይዤለት ስደርስ ገበያው ከደረጃው ሥር ጎንበስ ብሎ ቆሟል። አዲስ ዕቃ ገብቶለታል፤ አንድ ሺህ ዋት፣ ሞዱላር። ሞዱላር ማለት ገመዶቹ ከሳጥኑ ጋር የተበየዱ ሳይሆኑ የሚነቀሉና የሚሰኩ ሲሆኑ ነው፤ የምትፈልገውን ብቻ ትሰካለህ። ካርቶኑ ላይ እሳት የሚተፋ ዘንዶ አለ። ገመዶቹ በጥቁር ከፈይ ከረጢት ተቀምጠዋል።

"ሙስጤ፣ ከሰዓት አንዲት ደንበኛ ትመጣለች" አለው ገበያው። "እሷ ከወሰደች መሥሪያ ቤቷ ሃያ ሳጥን ይወስዳል። ሙስጠፋ ይየው ብላለች። እየው እንግዲህ። ግን በልኩ።"

"በልኩ ማለት፣ ጋሼ?"

"አራት አምስት አምፖል ይበቃል። ዐሥራ ሰባት አብርተህ ሠርግ ቤት ልታስመስለው ነው? ደግሞ ይቺን ጥግ ሁለት ሰው ጠይቆኛል፤ እስካሁን እምቢ ብዬ ነው።" ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። "ሲሃም፣ ደህና ነሽ? ወጡ ያውዳል።"

ሲሄድ ሙስጠፋ ከረጢቱን ከፍቶ ጨርቁን በጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

"ምን ትላለህ?" አልኩት።

"ከረጢቱ አልፏል።"

"ስለ ቦታው ነው የምጠይቅህ።"

"አብሽሪ" አለኝ። ሙስጠፋ ወሎዬ ነው፤ አብሽሪ ካለ ነገሩ የሚያሳስብ ነው ማለት ነው። ከዚህ ከወጣን የምንሄድበት እንደሌለን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፣ ስለዚህ አልተነጋገርንበትም።

ደንበኛዋ ሰብሊ የምትባል ወጣት ናት። መስቀል ፍላወር ካለ ቢሮ ያልተሠሩ ሕንፃዎችን የተሠሩ አስመስላ በኮምፒውተር ትሥላለች። ገበያው ራሱ ይዟት መጣ፣ ሳጥኑን አስነሣት።

"ያዢው፣ ያዢው። ክብደቱን አየሽ?"

"ኧረ በጣም ይከብዳል!" አለች። "ጋሽ ሙስጠፋ፣ ማለቴ፣ የእኔ ማሽን ሥራ መሃል ላይ ድርግም ይላል። የሁለት ቀን ሥራ፣ በቃ፣ ዜሮ። ይሄ ይችላል?"

"እሱን ሳጥኑን እንጠይቀው" አለ ሙስጠፋ።

ገመዶቹን ሰካ፣ ጣውላውን አገናኘ፣ የቮልት መለኪያውን ሽቦዎች አስገባ። "ይቺ ቁጥር ዐሥራ ሁለት አካባቢ መቆየት አለባት" አላት። "ከዐሥራ አንድ ነጥብ አራት በታች ከወረደች ኮምፒውተርሽ ይወድቃል። ሌላውን እርሺው።"

አንደኛውን አበራ። ሁለተኛውን። አምስተኛው ላይ ቁጥሩ ዐሥራ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ነበር።

"ይኸው!" አለ ገበያው። "አለቀ። ምስክር ነሽ።"

ሙስጠፋ እጁ ማብሪያው ላይ እንዳለ ቆየ። ብዙ አይደለም፣ አንድ ትንፋሽ ያህል። እኔ የምሳ ዕቃውን ክዳን ይዤ ነበር።

"አምስት አምፖል ሦስት መቶ ዋት ነው፣ ጋሼ" አለ። "እሷ የምትገዛው አንድ ሺህ ነው። የቀረውን ሰባት መቶ ዘንዶው ይስጣት?"

ስድስተኛውን አበራ። ሰብሊ ሳቀች፣ የገበያውን ፊት አይታ ተወችው። ስምንተኛው ላይ ዐሥራ አንድ ነጥብ አምስት። ዘጠነኛው ላይ ዐሥራ አንድ ነጥብ ሦስት። አምፖሎቹ ፈዘዙ። ዐሥረኛውን ሲያበራ ሳጥኑ ጠቅ አለና ሁሉም ጠፋ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከደረጃው ሥር ወጥቶ ወደ መደብሩ ሄደ።

"አምፖሎችህ ናቸው!" አለ ገበያው። "ከቆሻሻ የለቀምከው አምፖል ነው ያቃጠለብኝ!"

ሙስጠፋ ሶኬቱን ነቅሎ ሳጥኑ እስኪበርድ ጠበቀ፣ ከዚያ አራቱን ብሎን ፈታ። ክዳኑ ሲነሣ ከጎን በኩል አንድ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት በሁለት ብሎን ታስሯል። አንድም ሽቦ አይነካውም።

"ይሄ ምን ይሠራል?" አለች ሰብሊ።

"ይከብዳል" አለ ሙስጠፋ።

ፋብሪካው ብልጥ ነው። እኛ በእጃችን እንደምንመዝን ሰምቶ በእጃችን ልክ ሠራልን። ገበያው ብረቱን ሲያይ ለአፍታ ከልቡ የደነገጠ መሰለኝ። እሱም ከአስመጪው ሲረከብ ያው አንሥቶ አይቶት ይሆናል።

ሰብሊ ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። ሙስጠፋ በእርሳስ ካርቶኑ ጎን ላይ "እስከ 480 ዋት" ብሎ ጽፎ ለገበያው አቀበለው። "የቀሩትን በዚህ ሽጣቸው፣ ጋሼ። ለቢሮ ኮምፒውተር ይበቃሉ፣ አያሳፍሩህም።"

በማግስቱ ደረጃው ሊታደስ ስለሆነ በሦስት ቀን ውስጥ እንድንለቅ ተነገረን። ገበያው ራሱ አልመጣም፤ ዘበኛውን ነው የላከው። ደረጃው እስከ ዛሬ አልታደሰም። ጥጓ ውስጥ አሁን የሞባይል ሽፋን ይሸጣል።

ሙስጠፋ ጣውላውን በጀርባው ተሸክሞ ቤት አመጣውና ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋው የነበረበት ቦታ ላይ ተከለው። ሶፋውን ለእህቴ ሰጠናት። ሰብሊ ቤታችንን ጠይቃ ጠይቃ አገኘችው፤ ከሌላ ሱቅ የገዛችውን ሳጥን አስፈተነች፣ ሁለት ባልደረቦቿን አስከትላ ተመለሰች። ቀስ በቀስ ሰው ለመደን። ጎረቤቶቻችን በጠራራ ፀሐይ መስኮታችን ነጭ ሆኖ ሲበራ እያዩ ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ ይሉ ነበር። እኔ እንግዳ ሲመጣ ወለሉ ላይ ፍራሽ አነጥፋለሁ።

ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት አንድ ሾፌር መጣ። "አንድ ሰው ናቸው የላኩኝ፣ ለቤታቸው ኮምፒውተር ነው" አለና ሳጥን አስቀመጠ። ስማቸውን ቢጠየቅ አይናገርም። ሙስጠፋ ግን መኪናዋን በመስኮት አየ። የገበያው ናት። ሳጥኑ ደግሞ የገበያው መደብር የማይሸጠው ዓይነት ነበር።

"መልሰው" አልኩት በጆሮው። "ዘንዶውን ይሰካ።"

"ሳጥኑ ምን አደረገሽ?" አለኝ።

አንድ በአንድ አበራቸው። ዐሥራ ሰባቱም በሩ፣ ቁጥሩም ከዐሥራ አንድ ነጥብ ዘጠኝ አልወረደም። ለሩብ ሰዓት አቆያቸው፣ ሳሎኑ ሞቀ። ከዚያ አጠፋቸውና ካርቶኑ ጎን ላይ በእርሳስ "1000 ዋት፣ ሙሉ ነው" ብሎ ጻፈ። ሾፌሩን እስከ በር ሸኘው።

"ጋሼ ገበያውን ሰላም በልልኝ" አለው። "ጥሩ ዕቃ ነው የገዙት በላቸው። የገዙበት ሱቅ የት እንደሆነ ቢነግሩኝ ደንበኞቼን እልክ ነበር።"