«ስንት ናችሁ?» ሲባል

ዛሬ ጠዋት አዳማ፣ ደጃፌ ላይ ሁለት ወጣቶች ቆመው «አነስተኛ ገቢ ላላቸው ቤት ሊሠራ ነው፤ እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» አሉኝ።

አፌ ሳያማክረኝ «ሦስት» አለ።

ሰባት ነን።

በደርግ ጊዜ እዚሁ ናዝሬት፣ ዘጠኝ ሆነን አንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ እንኖር ነበር። አንድ ቀን የቀበሌው ጓድ መዝገብ ይዞ ሲመጣ እናቴ ከሩቅ አየችው። ለውትድርና ወንድ ሊመዘግብ የመጣ መሰላት። ሁለቱን ታላላቆቼን አልጋ ሥር ከተተች፤ እኔንና ሕፃኑን አስቀርታ የቀሩትን ጎረቤት ሰደደች።

«እትዬ ዘነበች፣ ለተጣበበ ቤተሰብ አዲስ ቤት ሊሠራ ነው። ስንት ናችሁ?»

«ሦስት ነን፣ ጓድ።»

«ለሦስት ሰውማ ይሄ ይበቃል» ብሎ ጽፎ ሄደ።

ቤቱ የእውነት ተሠራ! እኛ እግርና ራስ ሆነን እዚያችው ክፍል ቀረን። (ታላቄ የአልጋ ሥሩ አቧራ እስካሁን ያስነጥሰኛል ይላል።)

እናቴ ግን እስክትሞት አልቆጫትም። «ቤቱ ቢቀር ልጆቼ አሉልኝ» ነበር መልሷ።

በዚህ ገጽ «ለድሃ የሚሆን ቤት ይሠራ፣ ሕጉ ይሻሻል» እያልኩ ስጮህ የከረምኩት እኔው ነኝ። አሁንም እላለሁ። ግን መጀመሪያ ይሄ ይሻሻል፦ የሚቆጥረን ሰው ለምን እንደሚቆጥረን የሚገልጽ ወረቀት በእጃችን ይስጠን፤ ቤት የደረሰው ሰው ስምም በአደባባይ ይለጠፍ።

እናንተስ፣ በር ተንኳኩቶ ስትጠየቁ ስንት ናችሁ?

ታዲያ እውነተኛውን እዚህ እንዳትጽፉ።