ለሷ ገና አልተለጠፈም

አክስቴን ሳስብ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ድምጿ ነው። ድሬ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በሰው ኃይል ክፍል ነበር የምትሠራው። ክፍት የሥራ ቦታ ሲወጣ ማስታወቂያውን በሩ ላይ ትለጥፍና ወደ ወንበሯ አትመለስም። እዚያው ቆማ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሱማልኛ ጮክ ብላ ታነበዋለች። ሱማልኛዋ ሲሳሳት ሰሚዎቹ እየሳቁ ያርሟታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ላይ የሌለ የራሷን ትጨምራለች፦ «ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ላለውም ወዲያ ላለውም፣ ለሴትም ለወንድም ደመወዙ ያው ነው!»

አንድ ቀን አለቃዋ፣ «እትዬ፣ ተለጥፏል እኮ! ምን ያስጮህሻል?» አላት።

ከቀፊራ ገበያ ዘንቢል ይዛ የምትመለስ አንዲት ሴት ቆማ ታዳምጥ ነበር። አክስቴ ወደ እሷ እያመለከተች፣ «ላንተ ተለጥፏል። ለሷ ገና አልተለጠፈም» አለችው።

አክስቴ ሞታ አርባዋ ከወጣ በኋላ በዚያ በር ሳልፍ አዲስ ማስታወቂያ አየሁ። ሁለት ሴቶች ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው የሚያነብላቸው ሰው ይጠብቃሉ። በአማርኛ አነበብኩላቸው፤ ኦሮምኛውንም እየተንተባተብኩ ተወጣሁት። ሱማልኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። አንደኛዋ ትክ ብላ አየችኝና፣ «ያቺ የምታነብልን ሴትዮ የት ሄደች?» አለችኝ።

ማረፏን ነገርኳቸውና ሱማልኛውን እንደሷ እየተሳሳትኩ ጀመርኩት።