ረፋድ ላይ የሚከፈተው ሊንክ

ክሊኒኩ ውስጥ፣ የመጨረሻው በር ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ «ፊዚዮቴራፒ» ይላል። ይህን ቃል ምላሱ ሳይተሳሰር የሚጨርስ በሽተኛ ስለማይገኝ ግን ሁሉም «ወጌሻዋ» ይሏታል። መጀመሪያ ሰሞን ይከነክናት ነበር፤ ያን ያህል ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው እንዴ እያለች ትብሰለሰል ነበር። ኋላ ለመደችው። እንዲያውም ስልክ ሲደወልላት ራሷ «አቤት፣ ወጌሻዋ ነኝ» ማለት ጀመረች።

ክፍሏ ጠባብ ነው። ሁለት አልጋ፣ ግድግዳ ላይ የተተከለ የእንጨት መሰላል፣ ማንም በእግሩ ሳይገፋው የማያልፍ ትልቅ ኳስ፣ ላስቲኮች የተንጠለጠሉበት ምስማር፣ ሌላ ነገር የለውም። በሽተኛ በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው፤ የቀረውን ቀን እቤቱ ራሱ መሥራት አለበት። ጣጣው ያለው እዚያ ላይ ነው። ወጌሻዋ እንቅስቃሴውን በወረቀት እየሳለች ትሰጥ ነበር፤ የሥዕል ነገር ግን አልሆነላትም። ወገቡን ያመመው አንድ አናጢ ወረቀቱን አገላብጦ አገላብጦ፣ «እህቴ፣ ይሄ ሰውዬ እየዋኘ ነው ወይስ ወድቆ ነው?» ሲላት እርሳሷን ሰቀለች።

ከዚያ በኋላ በቪዲዮ ሞከረች። ካርድ ክፍል የምትሠራ አንዲት ባልደረባ አላት፤ አፏ ስለማያርፍ ክሊኒኩ በሙሉ «ሬዲዮ» ይላታል። ሬዲዮ ስልኳን ይዛ እየቀረጸች፣ ወጌሻዋ ምንጣፍ ላይ ተኝታ እግሯን እያጠፈችና እየዘረጋች፣ «ቀስ ብለን፣ ትንፋሽ ሳንይዝ» እያለች ብዙ አጫጭር ቪዲዮ አዘጋጁ። ኢንተርኔት ላይም ጫኑት። ሊንኩ ግን የትየለሌ ነበር። ፊደሉ፣ ቁጥሩ፣ ሰረዙ፣ የጥያቄ ምልክቱ ተግተልትሎ መጨረሻ የለውም። በመልእክት ሲላክ መሀሉ ላይ ይቆረጣል፤ ካርድ ላይ ሲጻፍ አንዷ ፊደል ትዘለላለች። ትከሻቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት ለልጃቸው በስልክ ፊደል በፊደል ሊያስጽፉ ጀምረው፣ ግማሹ ላይ ሳይደርሱ ሂሳባቸው አለቀ።

«ይሄን የመሰለ ጅራት እያስጎተትሽ ነው ሰው የምታሰቃዪው?» አለቻት ሬዲዮ። «ማሳጠሪያ አለ እኮ!»

ወንበሯን አስጠግታ አሳየቻት። ረጅሙን ሊንክ እዚህ ትለጥፊያለሽ፣ ይሄን ትጫኛለሽ፣ አጭሩ ይወጣል፤ ጭራውን ደግሞ ደስ ያለሽን ስም ትሰጪዋለሽ። በዚህ ዓይነት ለየበሽተኛው አንዳንድ አጭር ሊንክ ወጣለት። ስፖርቱ ሲለወጥ ሊንኩ ሳይነካ ከኋላው ያለውን ቪዲዮ ብቻ መቀየር ይቻላል። ወጌሻዋ የፈለገችውም ይህንኑ ነበር፤ የጉልበቱ ለጉልበት፣ የትከሻው ለትከሻ እንዲደርስ።

ያላሰበችው፣ ከየሊንኩ ጎን የሚታየውን ቁጥር ነው። ስንት ጊዜ እንደተከፈተ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ሌት ተቀን እየሠራሁ ነው» የሚሏት ሰዎች አንዴም ከፍተውት አያውቁም። በሳቅ ፍርስ አለች። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለች። ያልከፈተው ሲመጣ፣ «እስቲ እዚህ አብረን እንሥራው» ትልና ታልፈዋለች። ይህን እንደምታይ ለበሽተኞቿ መናገር እንዳለባት አልፎ አልፎ ውል ይላታል፤ ዛሬ ነገ እያለች ቆየች።

ከሁሉም የበለጠ ልቧን ያሞቀላት የጋሽ ፍሬን ሊንክ ነበር። ጋሽ ፍሬን ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንንም ሳይገጩ በመንዳታቸው የወጣላቸው ስም ነው። ከደረጃ ወድቀው የጉልበታቸው ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ጥገና ተሰፍቶላቸዋል። ሊንካቸው በየቀኑ ረፋድ ላይ ይከፈታል። ዝናብ ቢዘንብ፣ እሑድ ቢሆን ዝንፍ አይልም። ሚስታቸው ሲመጡም ሲመለሱም አይለዩአቸውም። ቀጠን ያሉ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ ክራንቹን ታቅፈው ኮሪደሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ይግቡ ቢባሉ «እናንተ ሥራችሁን ሥሩ» ይላሉ።

«ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ እንደ እርስዎ ያለ ትጉህ በሽተኛ የለኝም» አለቻቸው አንድ ቀን።

ጋሽ ፍሬን ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተከሉ። «እንግዲህ... እንደ አቅማችን ነው» አሉ።

ጉልበታቸው ግን እንደ ደረቀ ግንድ አልታጠፍ አለ። ሳምንት ሄዶ ሳምንት ሲመጣ ያው ነው። ወጌሻዋ ቀዶ ጥገናውን የሠራውን ሐኪም ጠየቀችው፤ «ስፌቱ ጥሩ ይዟል፣ እስካሁን መታጠፍ ነበረበት» አላት። ስፖርቱ ከብዶ ይሆናል ብላ ቀለል ያለ ቀረጸችና ከሊንኩ ኋላ አስገባችው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ተከፈተ። ጉልበቱ ወይ ፍንክች።

«እኔ ነኝ ያላወቅኩበት» አለች ለሬዲዮ። «ሰውዬው የሚችሉትን ሁሉ እያደረጉ ነው።»

ሥራ ከጀመረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጆቿ ላይ እምነት ያጣችው ያኔ ነው። የሌላውን ሁሉ ጉልበት እየያዘች እንኳ፣ የማልረባ ብሆንስ የሚል ሐሳብ ይመጣባታል። በመጨረሻ፣ እቤታቸው ሄዳ እንዴት እንደሚሠሩት በዓይኗ ማየት እንዳለባት ወሰነች። ቀኑን ሳትቆርጥ፣ አንድ ቅዳሜ እመጣለሁ አለቻቸው። ጋሽ ፍሬን ሳል ያዛቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘችው። «ቤቶች!» ብላ ገባ ስትል ጋሽ ፍሬን ሶፋው ላይ ተንጋለው፣ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው፣ ሬዲዮአቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ኳስ ይሰማሉ። ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ የገዛ ድምጿ ይመጣል። «ቀስ ብለን፣ ትንፋሽ ሳንይዝ...»

መጋረጃውን ገለጥ አደረገችው። ሚስትየው ምንጣፍ ላይ ተጋድመዋል። ስልኩ ከስኳር ጣሳው ጋር ተደግፎ ቆሟል። ቀኝ እግራቸውን እያጠፉ ይዘረጋሉ፤ ፊታቸው ላይ የጠዋት ፀሐይ አርፎበታል።

እንግዳዋን ሲያዩ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሊነሱ ቢሞክሩ ቶሎ መነሳት አቃታቸው።

«እትዬ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ጋሽ ፍሬን ከሶፋው ላይ ሆነው ቀደም አሉ። «እኔ መቼ ሠራሁ አልኩሽ? ጎበዝ ነህ ያልሽኝ አንቺ ነሽ! ሰው ሲያመሰግን ደግሞ አፉ አይያዝም።»

ወጌሻዋ መቆጣት ፈልጋ ነበር፤ ሳቋ ቀደማት። ምንጣፉ ላይ ከሚስትየው አጠገብ ቁጭ አለችና ጉልበታቸውን በሁለት እጇ ያዘች። አብጧል፤ እብጠቱም የዛሬ አይደለም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ኧረ ቆይቷል። ደረጃ ስወጣ ነው የሚብስብኝ።»

«በየሳምንቱ ደጄ ላይ ተቀምጠው እንዴት አይነግሩኝም?»

«ምን ልበል ልጄ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት በሽተኛ ማን ያስታምመዋል?» አሉ። «ያንቺን ስፖርት ሳየው፣ እሱ ካልፈለገው ለምን ይባክናል ብዬ ነው። ደግሞ ቀለል አድርጎልኛል።»

ጋሽ ፍሬን ሬዲዮአቸውን አጠፉ። የሚስታቸውን ሕመም እሳቸውም ገና ዛሬ መስማታቸው ነው። «አንቺ ሴትዮ!» አሉና ከሶፋው ላይ ቀና አሉ።

ሚስትየው ግን ሌላ ነገር ገብቷቸው ነበር። «ቆይ እስቲ፣» አሉ ስልኩን እያዩ፣ «ጎበዝ ነህ ያልሽው በምን አውቀሽ ነው? እኔ እዚህ መጋረጃ ውስጥ ስሠራ ታዪኛለሽ?»

«እርስዎን አላይም። ሊንኩ ሲከፈት ሰዓቱ ብቻ ነው የሚመጣልኝ። ማን እንደከፈተው እንኳ አላውቅም፤ ይኸው አላወቅኩም።»

«ቢሆንም መጀመሪያ አትነግሪንም? ሰው እኮ በሩን ሲዘጋ ተዘግቷል ብሎ ነው።»

ወጌሻዋ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። «እውነትዎን ነው እትዬ። መናገር ነበረብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይሁን፣ አሁን ነገርሽን» አሉ፤ ፊታቸው ተፈታ።

ወደ ጋሽ ፍሬን ዞረች። «እርስዎስ ጋሼ፣ ለምን አይሠሩትም? ሰንፌ ነው እንዳይሉኝ።»

ሰውዬው ጉልበታቸውን እንደ ሰው ዕቃ በሩቁ አዩት። «ሳጥፈው ቀጭ ይላል» አሉ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው። «የተሰፋው የሚተረተር ይመስለኛል። አንዴ አምልጦኝ ከወደቅኩ ወዲህ እግሬን አላምነውም።»

ይህን ፍርሃት ክሊኒክ ውስጥ አንድም ቀን አልነገሯትም። ወጌሻዋ ተነስታ ሶፋው አጠገብ በርከክ አለችና መዳፏን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈች፤ የእሳቸውን እጅ ደግሞ ከእጇ በላይ አስቀመጠች። ቀስ ብላ አጠፈችው። ቀጭ አለ።

«ይሰማዎታል? ይሄ ተቀምጦ የከረመ መገጣጠሚያ ሲንቀሳቀስ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ስፌቱ ያለው እዚህ ነው፣ ይኸው፣ ምንም አልነካውም። እንደገና።»

እንደገና አጠፉት። ላብ በላብ ሆኑ። ሚስትየው ከምንጣፉ ላይ፣ «አይዞህ፣ እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ነበርኩ» አሏቸው። ያን ዕለት ኳሱን ማን እንዳሸነፈ ጋሽ ፍሬን ሳይሰሙ ቀሩ።

ሰኞ ሚስትየው ካርድ አወጡ። ወጌሻዋ መርምራ ለእሳቸው ጉልበት የሚስማማ ሌላ ቪዲዮና የራሳቸውን አጭር ሊንክ ሰጠቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአዲስም ለነባርም በሽተኛ አስቀድማ ትናገራለች፤ «ይቺ ሊንክ ስትከፈት ሰዓቷ እኔ ጋ ይታያል፤ ካልፈለጉ ረጅሙን እሰጥዎታለሁ» ትላለች። አናጢው ረጅሙን መረጠ። «ሚስቴ የምትቆጣጠረኝ ይበቃኛል» አለ። ብዙዎቹ ግን ግድ አልሰጣቸውም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም መታየታቸው አበረታቸው።

የጋሽ ፍሬን ጉልበት በአንድ ጀምበር አልተፈታም። ሲሻለው፣ ሲመለስበት፣ ደግሞ ሲሻለው ከረመ። ክራንቹ መጀመሪያ ወደ ከዘራ ተለወጠ፤ ቀጥሎ ከዘራው እቤት ተረሳ። አሁን ክፍሏ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ባሉት አልጋዎች ላይ ተኝተው፣ ማን የበለጠ አጠፈ እያሉ ይከራከራሉ። ዝምተኛዋ ሴት በክርክር ማንም አይችላቸውም ኖሯል።

አንድ ቀን ወጌሻዋ ምሳዋን ልትበላ ስትቀመጥ ስልኳ ጮኸ። ሚስትየው ናቸው፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ድምጻቸው ግን ይስቃል። ታላቅ እህታቸው ሊፍት በሌለው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ደረጃውን ፈርተው ካዩዋቸው ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።

«ወጣነው!» አሉ። «ሁለታችንም። እሱ ሁለት ቦታ አርፏል፣ እኔ አንድ ቦታ ብቻ።»

«ውሸቷን ነው!» የሚል የጋሽ ፍሬን ድምፅ ከኋላ ተሰማ።

«እንኳን ደስ አላችሁ እትዬ። ስትወርዱ ደግሞ መደገፊያውን ይዛችሁ ውረዱ።»

«እሺ። ስሚማ፣ እህቴ ትከሻዋን ያማታል፤ አንዷን ሊንክ ላኪላት።»

ወጌሻዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ይምጡና መጀመሪያ ትከሻቸውን ልየው» አለች።