የኋላ ወንበር የሌላት ቀይ መኪና

ባለቤቴ ዕድሜውን የጨረሰው በከባድ መኪና ሹፌርነት ነው። ከጎንደር በዛሪማ በኩል ሽሬ ድረስ እህልና ሲሚንቶ ሲያመላልስ ኖሮ ወገቡ እንቢ ሲለው ተወው። አስፋልቱ እኛ ወደምንኖርበት ደባርቅ በደረሰ ሰሞን ለራሱ መኪና ሊገዛ ተነሣ። ከእንግዲህ ጭነት አልሸከምም ይል ነበር። የሚፈልገው ዝቅ ያለች፣ ጎረምሶች የሚያበሯት ዓይነት የጃፓን መኪና ነው። ያለን ገንዘብ ከአዲሷ ደጃፍ ስለማያደርስ ያገለገለች ፍለጋ ሆነ። ከገንዘቡ የሚበዛው እናቴ ዳባት የነበራትን ቤት ሸጣ የሰጠችን ነው።

እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከእኛ ጋር ነበረች። አውቶቡስ መሳፈር አትችልም፤ በቅሎማ አይታሰብም። የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፦ ከዳባት ወጣ ብሎ ባለው ደብር፣ አባቴ መሪጌታ ሆኖ ባገለገለበትና በተቀበረበት፣ የጥር ማርያምን አንድ ጊዜ አንግሣ መመለስ። ቤቱን ስትሸጥ የጠየቀችው ይህንኑ ነው። ባለቤቴም፣ “አደርስዎታለሁ” አላት።

በእኛ አገር አማትና አማች ይተፋፈራሉ። እሱ ሲገባ እናቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ትስባለች፤ እሱም ዓይኑን መሬት ይተክላል። አንቱ ይባባላሉ እንጂ አንድ ገበታ ቀርበው፣ አንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አያውቁም። በመኪና ሲሄዱ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ትሆናለች ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ጎንደር ላይ ደላላው ሁለት መኪና አሳየን። ነጯ ባለ ሁለት በር ሆና ከኋላ ጠበብ ያለ ወንበር አላት። ቀይዋ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት፤ ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ መብራቷ ሲበራ ከፊቷ ብቅ ይላል። ዋጋቸው እምብዛም አይለያይም። ባለቤቴ ኮፋኖ ከፍቶ ዘይቱን በጣቶቹ አሻሸ፤ ሞተር አስነሥቶ ጭሱን አየ። የቀይዋን ጎን ኳ ኳ አደረገና ቀለሙ ሥር የግጭት መጠገኛ ስቱኮ መሆኑን ለእኔም አሰማኝ። ነጯ ትሻላለች አለ።

ደላላው፣ “ጋሼ፣ ነጯ የሽማግሌ ናት። ቀይዋን ቢይዙ ደባርቅ ሥራ ፈቶ ነው የሚያይዎት” አለው።

እኔ የነጯን የፊት ወንበር አጥፌ ከኋላ ገባሁ። ዳሌ የተሰበረ ሰው እንዴት እንደሚገባ ለማየት ነው። እንደ ምንም ተቀምጬ፣ ሰው ቢደግፋት እናቴ ትችላለች አልኩት። ባለቤቴ እዚያ ተቀምጬ አየኝ። ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ደላላው ዞሮ፣ “ቀይዋን” አለ።

ዳባትን ስናልፍ፣ “እናቴስ?” አልኩት።

“አማቴን ከጎኔ አስቀምጬ ልንዳ? ነውር ልታስተምሪኝ ነው?” ብሎ ሳቀ። “እሳቸውስ እሺ ይሉሻል?”

እንደማትል ያውቃል።

ደባርቅ እንደደረስን እናቴን ደግፌ ወደ ደጅ አወጣሁ፤ አዲስ ንብረት ሳይመረቅ አይነዳም። በዘንጓ ተደግፋ ነጠላዋን ሳበችና ከኋላ ስንት ሰው ይይዛል ብላ ጠየቀች። እሱ መሬት መሬት እያየ፣ “ኋላ የላትም” አለ። እናቴ፣ “ደግ ይሂዱበት፤ ከክፉ ይሰውርዎ” ብላ መረቀች።

ጥር ሲመጣ ለኮንትራት መኪና የሚሆን አልተረፈንም። ከጎኑ ብትቀመጥ ምን አለበት ብዬ ለመንኳት።

“መሪጌታ መቃብር ፊት ከአማቼ ጎን ልውረድ? አንቺ ሂጂ። እምነት ይዘሽልኝ ነይ” አለችኝ።

ሄድኩ። ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ የመኪናዋን ሆድ ድንጋይ በፋቀው ቁጥር ባለቤቴ ይራገማል። ደብሩ ስንደርስ ጎረምሳው ታቦቱን ትቶ መኪናዋን ከበበ። እሱ መብራቱን ብቅ ጥልቅ እያደረገ ያሳያቸዋል። ማታ ቤት ተመልሼ እምነቱን የእናቴ ዳሌ ላይ ስቀባላት፣ ወንበሩ ይመቻል ወይ አለችኝ። ይመቻል አልኳት።

ክረምት ሳይገባ ሞተች። ከአባቴ አጠገብ ቅበሩኝ ብላ ተናዝዛ ስለነበር የጭነት መኪና ተለመነ። መንገዱን የሚያውቀው ባለቤቴ ስለሆነ መሪውን እሱ ያዘ። ሣጥኑን ያሰረውም እሱ ነው፤ ገመድ መወጠር ያውቃል። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ሄዱ። እኔ ከሣጥኑ ጎን ተቀምጬ ነበር።

ከቀብር በኋላ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ቄስ፣ አማቱን እንዲህ የሚያከብር በዚህ ዘመን አይገኝም አሉ።

“አደርስዎታለሁ ብያቸው ነበር” አለ ባለቤቴ። “አደረስኳቸው።”

የተቀመጠው ሰው ሁሉ መረቀው። ጠምቶት ነበር፤ ውኃ ቀድቼ አቀበልኩት።