«መርፌ ይዞ ጸበል አይገባም!»

«መርፌ ይዞ ጸበል አይገባም! እዛው ውጪ አስቀምጪው!»

በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ያስቆመችኝ ሴትዮ ናት። እናቴ ከኋላዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ከነጋ ለአራተኛ ጊዜ ውኃ ጠይቃኛለች... መርፌዋን ከተወች ደግሞ ሁለት ቀኗ ነው።

ጦርነቱ ወልድያ የገባ ሰሞን ነው። እኔና እናቴ በእግራችን ወደ ሀብሩ ወርደን፣ ከመርሳ ወጣ ብሎ ያለ የአክስቴ መንደር ተጠግተናል። እናቴ ስኳር አለባት፤ በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን ትወጋለች። ይዘን የወጣነው ሦስት ብልቃጥ ብቻ ነው። መብራት የለም፣ መድኃኒት ቤቶቹ ተዘግተዋል፣ መንገዱም ተዘግቷል። የሀብሩን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ኢንሱሊን ደግሞ ሙቀት አይችልም፤ አንዴ ከተበላሸ ውኃ እንደመውጋት ነው።

እኔ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ፣ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ለሥራ ላመለክት ማስረጃዬን ኮፒ እያስደረግኩ ሳለ ነው ጦርነቱ የቀደመኝ። ዲግሪዬን በፌስታል፣ ብልቃጦቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጥላ ለጥላ ስዞር እውላለሁ። እናቴ ግን ጸበል ከጀመረች ወዲህ ይህቺ የበሩ ሴትዮ «በሁለት ልብ መዳን የለም። ወይ ጸበሉ፣ ወይ መርፌው» ብላታለች። እናቴም መረጠች።

«እማ፣ ዛሬ ትወጊያለሽ።»

«መድኃኒቱ እንደሆነ ያልቃል፣ ጸበሉ አያልቅም። ዛሬ ብተወው ምን አለበት?»

«ዛሬ ከተውሽው ነገ የለሽማ!»

«አይ ልጄ... ተመረቅሽና እምነትሽን እዛው ጥለሽው መጣሽ?»

ይቺ ነገር አንጀቴን አቃጠለችው። እኔም እኮ ጸበሉን እጠጣለሁ፣ እኔም እሰግዳለሁ። እግዚአብሔር እናቴን በጸበል ብቻ ነው የማድናት ብሎ የፈረመለት ሰው ካለ ወረቀቱን ያሳየኝ!

ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። «እትዬ፣ ወይ ሦስታችንም እንገባለን፣ ወይ ሦስታችንም በሩ ላይ እንውላለን።»

«ሦስታችሁ ማን ማን ናችሁ?»

«እኔ፣ እናቴ፣ መርፌው።»

ጫጫታውን ሰምተው ጸበሉን የሚያጠምቁት ሽማግሌ ቄስ ወጡ። ሴትዮዋ ቀደመችኝ፦ «አባ፣ ይቺ ልጅ መርፌ ይዤ ካልገባሁ ትላለች!»

ለቁጣ ተዘጋጀሁ። እሳቸው ግን «የምን መርፌ ነው?» አሉኝ።

«የስኳር።»

ቀስ ብለው ወዲያና ወዲህ መንገዱን ቃኙ... ከዛ በእጃቸው ተከተይኝ አሉኝ።

የጸበል ገንቦዎች ወደሚቀመጡባት ጨለም ያለች ቤት ገባን። ዝም ማለት አልቻልኩም። «አባ፣ አንቱ ቢፈቅዱልኝ... መድኃኒቱ እንዳይሞቅ ትንሽ ማሰሮ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብረን፣ ከላይ እርጥብ ጆንያ ብናለብሰው፣ ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይወጣል። በሳይንሱ...»

«እህ... እህ...» እያሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዛ ከገንቦዎቹ ጀርባ ጎንበስ ብለው እርጥብ ጆንያ ገለጡ።

አሸዋ። እርጥብ። መሃሉ ላይ እስከ አንገቱ የተቀበረ ማሰሮ!

ክዳኑን ሲያነሱት ውስጡ የኢንሱሊን ብልቃጦች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ላይ በፕላስተር ክርስትና ስም ተለጥፏል። ወለተ ሚካኤል... ኃይለ ማርያም... ገብረ ሥላሴ... አንደኛው ላይ ግን «ሼህ ሰዒድ» ይላል።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«የታች ሰፈር ናቸው» አሉኝ። «ስኳሩ ሃይማኖት አልጠየቃቸው፣ እኔ ልጠይቃቸው?»

«ታዲያ አባ፣ በሩ ላይ ለምን...»

«ታጣቂ ሰምቶ እንዳይወስደው ነው ለሰው ያልነገርኩ። እሷም ተፈናቅላ መጥታ ልርዳ ብላ የቆመች ናት፤ ከሰው የሰማችውን ነው የምትለው። ጥፋቱ የኔ ነው... ዝም ብዬ እናትሽን ልገድላት ነበር።»

ወጥተው እናቴ ፊት ቆሙ። «ክርስትና ስምሽ ማነው?»

«ወለተ ጊዮርጊስ።»

ወደ እኔ ዞረው ፕላስተርና እስክሪብቶ ሰጡኝ። «ተምረሻል አይደል? በይ ጻፊበት።» በዲግሪዬ የሠራሁት የመጀመሪያው ሥራ ይሄ ነው።

«ወለተ ጊዮርጊስ፣ መጀመሪያ ጸበልሽን ትጠጫለሽ። ቀጥሎ መርፌሽን። ከዛ ትበያለሽ።»

«አባ... እምነቴ ጎደለ ማለት አይሆንም?»

«አብሽሪ። ያን ሁሉ ተኩስ አልፈሽ በእግርሽ እዚህ የደረስሽ ሴት፣ ምኑ ነው የጎደለሽ?»

እናቴ ጣሳውን ተቀበለች። ጸበሉን ጠጣች። ከዛ ክንዷን ገልጣ ጮኸችብኝ። «ውጊ እንጂ! ስትጨቃጨቂ የዋልሽው አንቺ አይደለሽ?»

ወጋኋት። ነጠላዋን ዘርግታ የከለለችልን ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ያቺው የበሩ ሴትዮ!

ከዛ ቀን በኋላ አንድም መርፌ አላለፋትም። የእናቴ ብልቃጥ ሲያልቅ ከሼህ ሰዒድ ብልቃጥ ቀዳንላት፤ እንዲህ እየተካፈልን መንገዱ እስኪከፈት ደረስን።

ስኳሩ አለቀቃትም፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ግን ጦርነቱ ከወልድያ ወጣ፣ እሷ አለች። በየቀኑ ጸበሏን ትጠጣለች፣ በየቀኑ ትወጋለች፣ በሁለቱም አትደራደርም።

አሁን ፍሪጅ አለን። እናቴ ግን አዲስ ብልቃጥ በመጣ ቁጥር «ወለተ ጊዮርጊስ» ብዬ ካልጻፍኩበት አታስገባውም።

«እማ፣ ቤቱ ውስጥ እኔና አንቺ ብቻ ነን። ማን ይወስድብሻል?» አልኳት ትናንት።

«መድኃኒቱ ለማን እንደሚሠራ ይወቅ ብዬ ነው» አለችኝ።