አሥራ ሁለት አንጓ

ባለፈው ጥቅምት መሥሪያ ቤቴ አዲስ የማሸጊያ ማሽን ሊያስገባ ሆነና፣ ጥገናውን ተምሬ እንድመጣ ለስምንት ቀን ወደ ኦሳካ ላከኝ። ጃፓን ስባል ያሳሰበኝ ምግቡና ቋንቋው እንጂ ባቡሩ አልነበረም። ቶሮንቶ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በሳብዌይ ተመላልሻለሁ፤ ባቡር ምን ያቅተኛል ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጉድ ሆንኩ። ሆቴሌ አጠገብ ያለው ጣቢያ ኤም 13 ይባላል፤ የምማርበት ቦታ ኤም 18 ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ ከስሙ ጋር ቁጥር አለው፤ እኔ ግን ቁጥሩን ከቁም ነገር ሳልቆጥር ስሙን ለማንበብ ስታገል፣ ኤም 16 ላይ ሰው ሁሉ ግር ብሎ ሲወርድ አብሬ ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከመሬት በታች ሱቅ በሱቅ ላይ የተደረደረበት ሌላ ከተማ ገጠመኝ። ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ወጥቼ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ወረድኩ። አንድ ሰዓት አርፍጄ ስደርስ አስተማሪው እሱ ያጠፋ ይመስል ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፤ ያኔ ይበልጥ አፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት እዚያው ሆቴሌ አጠገብ ካርታው ፊት ተገትሬ ሳለ፣ አንዲት አሮጊት እጅጌዬን ያዝ አደረጉኝ። ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ ጎማ ያለው የገበያ ቦርሳ ይጎትታሉ፤ ከቦርሳው አፍ ባሮ ሽንኩርት ብቅ ብሏል። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም። አድራሻውን የያዘውን ወረቀት ሰጠኋቸው። ኤም 18 የሚለውን በጣታቸው ነኩና የቆምንበትን ኤም 13 አሳዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ከአውራ ጣት ጀምረው ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፉ። አምስተኛው ላይ እጃቸው ጭብጥ ሆነ። ሰላሳ ሴኮንድ አልፈጀም፤ ገባኝ።

አብረን ተሳፈርን። ኤም 16 ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲነሣ እኔም ደመ ነፍሴን ልነሣ ስል፣ ጉልበቴን ጫን አድርገው አስቀመጡኝና ሁለት ጣት አሳዩኝ። ቀጥሎ ባለው ጣቢያ ራሳቸው ሊወርዱ ተነሡ። አንድ ጣት አሳይተውኝ፣ ቦርሳቸውን እየጎተቱ፣ ማንም ሳይዛቸው ማንም ሳይከተላቸው ሰው መሃል ገብተው ሄዱ።

እናቴ ትዝ አለችኝ። ባቡር ውስጥ፣ በማላውቀው ሰው መሃል፣ እንባዬ መጣ።

እናቴ ከስድስት ዓመት በፊት በጉብኝት ቪዛ ቶሮንቶ መጥታ ሴንት ጄምስ ታውን ባለው ቤቴ፣ አሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ፣ ስድስት ወር ከእኔ ጋር ተቀምጣለች። እኔን ልታይ ነው የመጣችው፤ ግን ሌላም የምታየው ሰው ነበራት። አዲስ አበባ ሰላሳ ዓመት በአንድ አጥር የኖሩ ጎረቤቷ፣ ልጃቸው ስፖንሰር አድርጋ አምጥታቸው፣ እዚያው ከተማ ዳር ስካርቦሮ ይኖራሉ። እናቴና እሳቸው ከእህትማማች አይተናነሱም። በመጣች በመጀመሪያው እሑድ በሳብዌይ ወሰድኳት። ከእኛ ሰፈር ጣቢያ፣ ከሸርበርን፣ ለእሳቸው ቤት እስከሚቀርበው እስከ ኬኔዲ ድረስ መስመሩ አንድ ነው፤ መቀየር የለም። ክንዷን ይዤ አስቀመጥኳት። ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ ከሸለቆው በላይ ድልድዩን ሲሻገር እንኳ ቀና ብላ አላየችም፤ አውራ ጣቷ በሌሎቹ ጣቶቿ አንጓ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቤታችን እያለንም አሥራ ሁለቱን እግዚኦ እንደዚያው በአንጓዋ ነበር የምትቆጥረው፤ ጸሎት ላይ ናት ብዬ ዝም አልኳት።

ሁለቱ ሴቶች በር ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። ወሬያቸው ገና ሳይሟሟቅ እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ገቢ ነበርኩ።

በሳምንቱ እናቴ እንዲህ አለችኝ፦

«መንገዱን አይቼዋለሁ። ብቻዬን ልሂድ እንግዲህ፣ አንተም ሥራህን አትፍታ።»

«ብቻሽን? በፍጹም! ብትጠፊስ?»

«ምን ያጠፋኛል? እኔ እኮ ቁጥር አውቃለሁ።»

«እማዬ፣ ቁጥር ምን ያደርግልሻል? ባቡሩ መሃል ላይ ቢቆም የሚያወሩት በኢንግሊሽ ነው። ሳተርዴይ ኦፍ ነኝ፣ እኔ እወስድሻለሁ።»

«እሺ» አለች። የእናቴ እሺ ነገሩን የምትዘጋበት ነው፤ ከዚያ በኋላ አትከራከርም።

እውነቱን ልናገር፣ የፈራሁት መጥፋቷን ብቻ አልነበረም። «እናቱን እንደ ተላላኪ ብቻዋን በባቡር ሰደዳት» መባልንም ፈርቻለሁ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ብቻውን አይሰደድም፤ ይሸኛል፣ ይደገፋል። ቅዳሜው ደረሰ፤ ኦቨርታይም መጣ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚያው። በምትኩ ሞቅ ያለ ነጠላ ጫማ ገዛሁላት፣ የአማርኛ ቻናል አስገባሁላት፣ በየእረፍቴ ኮል አደርግላት ነበር። አንድ ቀን ልብስ ልታጥብ ምድር ቤት ወርዳ የቤቱን ስልክ ባታነሣ፣ ሥራዬን ጥዬ እየሮጥኩ ቤት መጣሁ። ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ «ተባረክ፣ እናትህን እንደ እንቁላል ነው የያዝካት» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሞኝ!

እሷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ታወራለች። አንድ ከተማ ውስጥ ሆነው፣ በአንድ መስመር ጫፍና መሃል፣ ስድስት ወር ሙሉ በስልክ። ዳግመኛ ሳይተያዩ በስልክ ተሰነባበቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ እናቴ አረፈች።

ከኦሳካ በተመለስኩ በመጀመሪያው ቅዳሜ ኦቨርታይሙን እምቢ ብዬ ወደ ኬኔዲ ሄድኩ። የእናቴን ጓደኛ ለልቅሶ ከመጡ ወዲህ አላየኋቸውም ነበር። አሁን ከዘራ ይዘዋል። ተቀመጥኩና የጃፓኗን አሮጊት ነገር ነገርኳቸው። ቀጥዬም ያንገበገበኝን አወጣሁት።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ብቻዋን ትምጣ ማለት ነበረብኝ። እርስዎንም እሷንም በድያለሁ።»

ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ተቀጣጥረን ነበር እኮ» አሉ።

«መቼ?»

«አንተ ሥራ ላይ እያለህ። እኔም ከልጄ ተደብቄ በባስ ኬኔዲ ልወርድና ልጠብቃት። ‹ሸርበርንን ሳልቆጥር አሥራ ሁለት ነው፣ ከአውራ ጣቴ በቀር የአንድ እጄ አንጓ ልክ ይሞላል› አለችኝ። ያን እሑድ ስትመጡ ቆጥራው ኖሯል። ደግሞስ ኬኔዲ መጨረሻው አይደል? አልፋ የት ትሄዳለች?»

አውራ ጣቷ ታየኝ። ጸሎት ያልኩት።

«ታዲያ ለምን ቀረች?» አልኩ።

«ጠዋት ደወለችልኝ። ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ በሩ ላይ ቆማ። ‹መሃል ላይ ደውሎ ቢያጣኝ ልጄ ይደነግጣል፤ ያን ቀን ልብስ ሳጥብ እንኳ ፊቱ አመድ መስሎ ነው የመጣው። ይቅር› አለችኝ። እኔም ‹ይቅር› አልኳት። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠችና እንደ ወትሯችን ስናወራ ዋልን።»

እጃቸውን ስሜ፣ በሚመጣው ቅዳሜም እንደምመለስ ነግሬያቸው ወጣሁ። «ሥራህን እንዳትፈታ» አሉኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ባቡሩ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ስልኬን ኪሴ ከተትኩና አውራ ጣቴን የሌባ ጣቴ የመጀመሪያው አንጓ ላይ አኖርኩ። ዋርደን፣ አንድ። ቪክቶሪያ ፓርክ፣ ሁለት። ስንቱን ዓመት በዚህ መስመር ስመላለስ አንድም ቀን ቆጥሬው አላውቅም። ድልድዩን ስንሻገር እኔም እንደሷ ቀና ብዬ አላየሁም፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። ካስል ፍራንክ ላይ አሥራ አንድ ሆነ። ሸርበርን ስንደርስ አውራ ጣቴ የትንሿ ጣቴ የመጨረሻው አንጓ ላይ ነበር።

ልክ ነበረች።